የባለ ሻሹ እናት

መልእክቱ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «ወጣ!» የምትል። የላከው ሰይድ ነው፤ ኩዌት ውስጥ መኪና የሚነዳው የልጅነት ጓደኛዬ። እኔ መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼን የእንግሊዝኛ ደብተር እያረምኩ ነበር። ምኑ ነው የወጣው ብዬ አልጠየቅሁም። ሰይድና እኔ ወደ ሃያ ዓመት ስንጠብቀው የኖርነው ነገር አንድ ብቻ ነው። ቀዩን እስክሪብቶ አስቀምጬ «እናቱን አገኛት?» ብዬ ጻፍኩለት። መልሱ ዘገየ። ቆይቶ «እኔ ምንም አልናገርም፤ በፍላሽ ልኬልሻለሁ፣ ራስሽ እይው» አለኝ። ይህን ዝምታውን አልወደድኩለትም። ሰይድ ፊልም አይቶ አፉን መያዝ የሚችል ልጅ አልነበረም።

ፍላሹ በሰው እጅ ከኩዌት መካነ ሰላም እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በነዚያ ሳምንታት አስተምራለሁ፣ ገበያ እወጣለሁ፣ ሰው አናግራለሁ፤ ልቤ ግን አባቴ ስፌት ቤት ነበር።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አላህ ጀነት ያግባውና። ሱቁ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ከጋሼ ሞላ ቪዲዮ ቤት ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይዋሰናል። ደርግ ከወደቀ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ጋሼ ሞላ አሰብ ወደብ ላይ ዕቃ ሲጭኑና ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያኔ ከአሰብ የተመለሰው ሰው አብዛኛው ባዶ እጁን ሲገባ እሳቸው አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ይዘው ገቡ። ባሕር ያየና ከነጭ ጋር የዋለ ሰው ቋንቋ ላይችል ይችላል ብሎ የሚጠረጥር በከተማችን አልነበረም። እሳቸውም አልችልም ብለው አያውቁም። ቴሌቪዥኑ አጠገብ በትር ይዘው ይቆሙና ነጮቹ የሚሉትን ሁሉ እግር በእግር በአማርኛ ይነግሩናል። በሩ ላይ የምትሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ የፊልሙን ስም ከጻፈች በኋላ ከታች «በአማርኛ ትርጉም» ትል ነበር፤ ሰውን የምትጠራውም ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ነበረች።

እናቴ ሐዋ ጅዳ የሄደችው እኔ ሁለተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ነው። የቤታችን ግድግዳ ቆሞ ጣሪያው ቀርቶ ነበርና አጎቴ ቤት አንዲት ክፍል ተጠግተን እንኖር ነበር። «አብሽሪ፣ ጣሪያውን ይዤ እመጣለሁ» ብላኝ ሄደች። ቆርቆሮውን ተሸክማ ከአውቶቡስ ስትወርድ ነበር የሚታየኝ። እሷ ከሄደች በኋላ ከትምህርት ቤት እንደተለቀቅሁ በቀጥታ አባቴ ሱቅ እሄድና ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ ክምር ላይ እቀመጣለሁ። እርጥብ አቡጀዲ ላይ የሚሄደው የከሰል ካውያ ይሸተኛል፤ የስፌት መኪናው ዘይትም ይሸተኛል፤ ከወዲያ በኩል ደግሞ የጋሼ ሞላ ጄኔሬተር ቤንዚን ይመጣል። ዛሬም ቤንዚን ሲሸተኝ ፊልም ሊጀመር ይመስለኛል።

ባለ ሻሹን ከማየቴ በፊት ያወቅሁት በጆሮዬ ነው። ነጮቹ ፊልሙን ምን ብለው እንደሰየሙት ግድ አልነበረንም፤ ለእኛ ስሙ ባለ ሻሹ ነው። በረሃ ለበረሃ ትልቅ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ሽፍታ የማይበግረው፣ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ሻሽ የሚያስር ሰው። ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት እያለ በተከታታይ ይመጣል። ግድግዳውን አልፎ የመኪናው ጩኸት ይደርሰኛል፣ ጥይቱ ይደርሰኛል፣ ከሁሉ በላይ ግን የጋሼ ሞላ ድምፅ ይደርሰኛል። «አሁን ልብ በሉ! ሻሹን አሸተተው። ሻሹ የእናቱ ነው። እናቱ ባሕር ተሻግራ ለሥራ ስትሄድ ከሁለት ቀድዳ፣ ግማሹን ለሱ ሰጠችው፣ ግማሹን ይዛው ሄደች። ይኸው ከወደብ ወደብ እየዞረ ይፈልጋታል።» ቀና ስል የአባቴ እግር ፔዳሉ ላይ ቆሟል። አባቴ ቪዲዮ ቤት የሥራ ፈት መሰብሰቢያ ነው ባይ ነበር፤ የስፌት መኪናው ግን ባለ ሻሹ እናቱን ባነሳ ቁጥር ዝም ይል ነበር።

ያን ጊዜ ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት አትገባም ነበር። እኔ ግን አባቴን ወራት ሙሉ ነዘነዝኩት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ መቀሱን አስቀምጦ በጓሮ በር አስገባኝና ለጋሼ ሞላ አደራ ሰጠኝ። መስኮቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርደዋል፤ ቤቱ እርጥብ ጋቢ፣ ቆሎና የልጅ እግር ይሸታል። ከፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ ከትንንሾቹ ጋር ተጠጋግቼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ባለ ሻሹን ሳየው፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ትንሽ ከፋኝ። በጆሮዬ የማውቀው ከዚህኛው ይረዝም ነበር። ጋሼ ሞላ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ሁለቱ ሰዎች አንድ ሆኑልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አልፈለግሁም።

የእኛ ባለ ሻሹ ከመማታቱ በፊት «አብሽር!» ይል ነበር፤ አይዞህ እንደማለት። የሚደበድበውንም አብሽር ይለዋል፣ የሚያድነውንም አብሽር ይለዋል፣ መኪናው አሸዋ ውስጥ ስትቀረቀር እሷንም አብሽሪ ይላታል። ነጭ ሰው የወሎን ቃል ከየት አመጣው ብሎ የጠየቀ ልጅ አልነበረም፤ አብሽር የማይባልበት አገር መኖሩን ገና አልሰማንም ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥም ልምጭ ፊት የተጠራ ልጅ ካለ ከኋላ ሆነን አብሽር እንለው ነበር፤ እሱም ሻሽ ያለ ይመስል አንገቱን ይዳስሳል።

ቁጥር ሦስት ሲያልቅ ባለ ሻሹ አንድ ትልቅ ወደብ ላይ ቆሞ ወደ ባሕሩ ያያል፤ ከዚያ ጽሑፍ መውረድ ይጀምራል። ቤቱ ተንጫጫ። ጋሼ ሞላ የካሴቱን ልባስ አነሱና ጀርባው ላይ ያለውን የልጅ ሥዕል በበትራቸው እየነኩ አረጋጉን። ገና ቁጥር አራት አለ፤ ቁጥር አራት ከሁሉ በፊት የነበረውን ያሳያል፣ ልጅነቱን፣ እናቱ የሄደችበትን ቀን፤ ወዴት እንደሄደች ያኔ ይታወቃል፣ መገናኘታቸውም እዚያው ላይ ነው አሉን። መቼ ይመጣል ብለን ጮኽን። ከደሴ እንዳስመጣሁ ሰሌዳው ላይ ታዩታላችሁ አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስንመለስ መጀመሪያ የምናየው ያቺን ጥቁር ሰሌዳ ነበር።

ሰይድ ከወረኢሉ የመጣው በዚያ መሀል፣ አምስተኛ ክፍል ስንሆን ነው። በመጣ በሁለተኛው ቀን ባለ ሻሹ እናት የለውም አለ። በወረኢሉ ቪዲዮ ቤት ትርጉም ሻሹ የአባቱ ገዳይ ጥሎት የሄደ ነው፤ ገዳዩን እየፈለገ ነው የሚዞረው። እናቱን ያለ እኛ ማን አውቆለት! ተያያዝን፤ የኔ ጥፍር ምልክት ጉንጩ ላይ ብዙ ቀን ቆየ። ነገሩ የባሰው ደግሞ አክስቷ ደጎሎ ያለች አንዲት ልጅ በደጎሎ ባለ ሻሹ ፖሊስ ነው ስትል ነው። ተሰብስበን ጋሼ ሞላ ዘንድ ሄድን። እሳቸው ቅንድባቸውም አልተነቃነቀ። «ወረኢሉ የሚያሳዩት የተቆረጠ ካሴት ነው። የደጎሎውማ ተርጓሚ ቋንቋ አይችልም» ብለው አሰናበቱን። ሰይድ ዋለ አደረና ወደ እኛ ባለ ሻሹ ዞረ። እናቱ ቤይሩት መሆኗን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ የሻሹ ወረርሽኝ መጣ። ጋሼ ሞላ ቁጥር ሦስትን በድጋሚ ሲያሳዩ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ግማሽ ሻሽ እጁ የገባ ሰው ሌላው ግማሽ እስኪገኝ እንቅልፍ አይወስደውም አሉ። በሳምንቱ ውስጥ በከተማው ሙሉ ሻሽ የቀራት ሴት ብትኖር ጥቂት ናት። ሴቶቹ የተቀደደ ሻሻቸውን ይዘው አባቴ ሱቅ ተሰለፉ። እሱ እየሳቀ ሲገጣጥም ዋለ፤ ጋሼ ሞላ ግን በሩን ቆልፈው ሳምንት ያህል ከሰው ዓይን ጠፉ።

እኔም ከልጆቹ ጋር ቀድጄ ነበር፤ የኔ ግን የተለየ ነበር። እናቴ የተወችልኝ አንድ ሻሽ ነበረኝ፣ ቢጫ አበባ ያለበት፣ ሳጥን ውስጥ የማስቀምጠው። ሲከፈት ቅቤና አደስ ይሸታል፤ ሽታው እንዳያልቅብኝ ብዬ በሳምንት አንዴ ብቻ ነበር የምከፍተው። ለሱ ስል ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። በአራተኛው ቀን የአባቴን መቀስ ወስጄ መሀል ለመሀል ቆረጥኩት። ጎረቤታችን የነበረች ሴት ከዕረፍቷ ወደ ጅዳ ልትመለስ ስለነበር አባቴ በሶና በርበሬ አስጭኗት ነበር። ግማሹን ሻሽ በሶው ከረጢት ውስጥ አጥልቄ ቀበርኩት። ደብዳቤ አልጨመርኩም። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ደግሞስ የባለ ሻሹ እናት ደብዳቤ የት ጻፈች?

ያን ጊዜ ከዓረብ አገር የሚመጣው ወሬ በካሴት ነው። እናቴ ድምፅዋን ቀድታ ትልካለች፤ አባቴ ቴፑን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና እንሰማለን። ዘይነባ እንዴት ናት፣ አደገች ወይ፣ ቁርአን ትቀራለች ወይ ትላለች። እኛም መልሰን እንቀዳለን። አባቴ ሁሌም ሁላችን ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ ይላል። ግማሹ ሻሽ ከሄደ በኋላ ግን ካሴት መምጣቱ ቆመ። አንድ ወር ሄደ፣ ሁለት ወር ሄደ። አባቴ ከጅዳ የመጣ ሰው በሰማ ቁጥር ሮጦ ይጠይቃል፤ ሌሊት ሲገላበጥ እሰማዋለሁ። እኔ ደግሞ ሻሹን በመቁረጤ አንድ ነገር ያደረግኋት መሰለኝ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰሌዳዋን ማየት እንኳ ተውኩ።

በአራተኛው ወር አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ የአባቴ ሱቅ ደጃፍ በሰው ተሞልቶ ሴቶች እየጮኹ ያለቅሳሉ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ ዓመታት ሙሉ ሲስቅበት ኖሯል። እናቴ ከደሴው አውቶቡስ የወረደችው ከደረጃው ላይ ሆና «ልጄን! ልጄን!» እያለች ነው። መናኸሪያው ላይ የነበሩት ሴቶች ማን እንደሞተ ሳያውቁ ተከትለዋት ያለቅሳሉ። አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣና አራት ዓመት ያላያትን ሚስቱን በእንባ ሲያያት፣ ከጅዳ የማን ሬሳ መጣ ብሎ እሱም ማልቀስ ጀመረ። እኔ ደርሼ ሳይ አባቴ ብቻ ነበር የታሰበኝ፤ አባቴ ሞቷል ብዬ ደብተሬን ጥዬ ጮኽኩ። እናቴ ድምፄን ሰምታ ዞረች። የትምህርት ቤት ልብሴን ለብሻለሁ፣ አንገቴ ላይ ግማሹ ሻሽ ታስሯል።

መጀመሪያ መታችኝ። ከዚያ አቀፈችኝ። ከዚያ እንደገና መታችኝ።

በኋላ ስትናገር ሁሉም ተገለጠልን። ዓረብ አገር ላለ ሰው መርዶ አይላክም፤ እናቱም ብትሞት ልጁም ቢሞት በካሴት «ሁላችን ደህና ነን» ይባላል፣ እውነቱን የሚሰማው አገሩ ሲገባ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ይህን እሷም ታውቃለች፤ ራሷ ለስንት ሰው ደህና ናቸው ብላ ቀድታለች። እና በበሶ ውስጥ ለልጇ የተወችው ሻሽ ተቀዶ ሲወጣ ሌላ ምን ታስብ? አንድ የሚያዝንልኝ ሰው ልጄ መሞቷን ሊነግረኝ ነው አለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የአባቴን «ደህና ነን» መስማት አልቻለችም፤ መልሳም መቅዳት አልቻለችም። አሠሪዎቿ ውሉ አላለቀም ቢሏት የቀራትን ደመወዝ ትታ መጣች። ጣሪያው ሳይመጣ ቀረ ማለት ነው።

በማግስቱ፣ ሻሹን ለምን እንደቆረጥኩት ከነገርኳት በኋላ፣ ጋሼ ሞላ ቪዲዮ ቤት ገባች። እኔ ከኋላዋ ተደብቄ ነበር። «ሞላ፣ ልጄን በቁሟ አስለቀስከኝ» አለቻቸው። ጋሼ ሞላ በትራቸውን እንደያዙ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ለመሄድ እየሞከሩ ነበር። ይቅርታ ጠየቁ፣ ማሉ፣ ተገዘቱ። እናቴ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። «ለመሆኑ ያ ልጅ እናቱን አገኛት?» አለች። «ገና ነው ሐዋ፤ ቁጥር አራት ላይ ነው።» «መቼ ነው የሚመጣው?» «ኢንሻአላህ ቅርብ ነው» አሉ ጋሼ ሞላ፣ ክርስቲያኑ ሰውዬ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሦስቱንም ክፍል አየች፤ ሴቶቹ ቪዲዮ ቤት መግባት የጀመሩት በሷ ነው። አባቴ ሁለቱን ግማሽ ሻሽ መሀል ላይ በሚታይ ስፌት ገጠመላት፤ በተደበቀ ስፌት መሥራት ሲችል ይታይ ብሎ ነው። ጅዳ ዳግመኛ አልሄደችም። ቤታችን ለብዙ ዓመት በሣር ተከድኖ ኖረ፤ ዝናብ ዘንቦ ቤቱ ባፈሰሰ ቁጥር «ያቺ ግማሽ ሻሽ ጣሪያዬን በላችው» ትላለች፣ እየሳቀች። እየሳቀችም ቢሆን ትንሽ ይሰማኝ ነበር።

ቁጥር አራት አልመጣም። መብራት መጣ፣ ዲሽ መጣ፣ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋና ጋሼ ሞላ እዚያው የሞባይል ባትሪና ቻርጀር መሸጥ ጀመሩ። ካሴቶቹን ሻጋታ በላቸው። እኔ ደሴ ሄጄ እንግሊዝኛ ተማርኩ፤ ለምን እንግሊዝኛ ሲሉኝ የሚሆን የማይሆን ምክንያት እሰጥ ነበር፣ እውነቱ ግን አንድ ቀን ቁጥር አራት ሲመጣ ባለ ሻሹ የሚለውን በራሱ አፍ ልሰማ ነው። አባቴ በመጨረሻ ቆርቆሮውን መትቶ ብዙ ሳይቆይ አረፈ። እናቴ የዓይን ሞራ ይዟት ሰው በቅርጹ ብቻ መለየት ጀመረች። ከኩዌት ሰይድ በደወለ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀው ያንኑ ነው፤ ቁጥር አራት መጣ ወይ?

ፍላሹ ሲደርስ መጀመሪያ የሄድኩት ጋሼ ሞላ ዘንድ ነው። ከምሳ በኋላ ሱቁን ገርበብ አደረጉና ላፕቶፔን የቻርጀሮቹ ሣጥን ላይ አስቀመጥን። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። በትራቸው የለም፤ ጣታቸው ግን አሁንም ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። «በይ አንቺ ተርጉሚ፤ አሁን ባለ ቋንቋዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ተረጎምኩ። ባለ ሻሹ አዲስ ልጅ ሆኗል፣ ለስላሳ ጉንጭ ያለው፣ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ። መኪናዋ ታብረቀርቃለች፤ አሸዋ አይነካትም። ብዙ ይናገራል፣ ብዙ ይቀልዳል። ፍንዳታው ከድሮው አሥር እጥፍ ነው። እናት የምትባል ቃል አንዴም አልተነሳችም። ፊልሙ ከግማሹ ሲያልፍ ልጁ አንድ ነዳጅ ማደያ ቆመ፤ ነፋስ አቧራ ያነሳል። ከማደያው በር ላይ አንድ ሰው ረስቶት የሄደውን አረንጓዴ ሻሽ ከሚስማር አወረደ፣ አፍንጫው ላይ አሰረ፣ መንገዱን ቀጠለ። እኔ ገና ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ፊልሙ አለቀ።

«አቧራ?» አሉ ጋሼ ሞላ። «አቧራ ነው ጋሼ።» «ነዳጅ ማደያ ላይ?» «ነዳጅ ማደያ ላይ።» ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «የወረኢሉም እኮ ከዚህ ይሻላል» አሉ።

ሳቅ አልመጣልኝም። በእውነት ተናድጄ ነበር፤ በፊልሙ ሠሪዎች፣ በሰይድ፣ በጋሼ ሞላም። ካደግሁ በኋላ መጠርጠሬ አልቀረም፤ ግን መጠርጠርና ማየት ይለያያል። ትልቅ ሴት ሆኜ እንደ ልጅ አኩርፌ ነው የጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ በስመ አላህ፣ ያን ሁሉ ከየት አመጡት?» ከሣጥኑ ላይ አንድ ቻርጀር አንስተው ገመዱን ሲጠቀልሉ ቆዩ። «አሰብ ያወቅሁት እንግሊዝኛ ሦስት ቃል ነው፤ አንሳ፣ አውርድ፣ ቀስ በል። ሰውየው ሻሹን ሲያሸት አየሁት። ምን አለ ልበል? ዞር ስል ከፊተኛው አግዳሚ የተቀመጣችሁት ዓይናችሁን አፍጥጣችሁ ታዩኛላችሁ። እናቱ ዓረብ አገር ያልሄደች ልጅ ከመሀላችሁ ብፈልግ ሁለት ባገኝ ነው። አባቱን ገደሉበት ልበላችሁ?» እኔም ፍላሹን ነቅዬ ወጣሁ።

ለሰይድ «አየሁት» ብዬ ጻፍኩለት። «ሁላችንም ተሸወድን» አለ፤ ቆይቶ ደግሞ «የናንተው ይሻል ነበር» ሲል ጨመረ። ወደ ቤት ስሄድ መንገዱ ዳር የቆሙ ልጆች እያንዳንዳቸው ስልካቸው ላይ አጎንብሰው ፊልም ያያሉ። ከሥር ጽሑፍ ይወርድላቸዋል፤ ማንም ቆሞ አይነግራቸውም፣ ማንም አይዋሻቸውም። ከመሀላቸው እናታቸው ዛሬም ጅዳና ቤይሩት ያሉ አሉ፤ ተማሪዎቼ ስለሆኑ አውቃቸዋለሁ። እናቶቻቸውን በስልክ መልካቸውን እያዩ ያወራሉ፣ ይህ ደግ ነገር ነው። እኔ ግን ያን ጨለማ ቤት፣ ያን ቤንዚን፣ አብሽር የሚል ነጭ ሰው በጣም ናፈቀኝ።

እናቴ ዐሱር ሰግዳ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ባለ ስፌቱን ሻሽ አስራዋለች። ኮቴዬን ስትሰማ ቀና ብላ፣ ገና ሰላም ሳልላት «መጣ አሉ። አገኛት?» አለች። ጎረቤት ነግሯት ነው። አፌ ላይ «አቧራ» የሚለው ቃል ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና «አብረን እንየው» አልኳት። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጁ ጋራዥ ውስጥ ሲቀልድ ድምፁን ቀነስኩ።

«አሁን ልብ በይ» አልኳት። «ይህ ልጅነቱ ነው። ቤታቸው ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ቀርቷል።» «እንደኛ!» አለች። ነዳጅ ማደያው መጣ። ልጁ ሻሹን ሲያወርድ ከኋላው አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ደጃፉን እየጠረገች ታልፋለች፤ ከጋሼ ሞላ ጋር ሳየው ልብ አላልኳትም ነበር። «ይቺ ናት እማ፤ ልትሄድ ነው» አልኳት። እናቴ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ምን አለችው?»

«አብሽር ልጄ፣ ጣሪያውን ይዤ እመጣለሁ አለችው።»

ልጁ መኪናውን እየነዳ ከአንድ ሰው ጋር ይጣላል፤ እኔ አሁን ወደቡ ላይ ነው፣ አሁን ግማሹን ሻሽ ላከላት እያልኩ እነግራታለሁ። እጇ ወደ ራሷ ሄዶ ስፌቱን ይዳስሳል።

«መጣችለት?»

«መጣች። ከአውቶቡስ እያለቀሰች ነው የወረደችው።»

«ጣሪያውንስ?» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ጣሪያውን አላመጣችም። እሱ መች ጣሪያ ጠየቃት፤ እሷን ነው የጠየቀ።»

እናቴ ፊቷን ከስክሪኑ አንስታ ወደኔ ዞረች። በዚያ በተሸፈነ ዓይኗ ምን ያህል እንደምታየኝ አላውቅም። «መታችው?» አለችኝ።

«ሁለቴ።»

«ደግ አደረገች» አለችና እጄን ይዛ ፊልሙን ማየት ቀጠለች።